«ፎርማት»፣ «መያዣ»፣ «ኮዴክ»፦ የቆዩ የቤት ቪዲዮ ፋይሎችን ለመክፈት የሚያስፈልጉ ቃላትና አገባባቸው

1. የችግሩ ይዘት

የሙያ ቃላት እጥረት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የመማሪያ መጽሐፍና የትርጉም ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የቃላት አለመለየት በየቤቱ ያለውን የቤተሰብ ማስታወሻ ለጥፋት ሊያጋልጥ የሚችልበትን አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም የቆዩ የቪዲዮ ፋይሎች ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የቤተ ዘመድ ስብሰባና የሽማግሌዎች ቃል በቪዲዮ እየተቀረጸ በሲዲ፣ በኮምፒዩተር፣ በፍላሽና በስልክ ካርድ ላይ ተቀምጧል። ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡ ያንኑ ፋይል በአዲስ ኮምፒዩተር ወይም በአዲስ ቴሌቪዥን ለማየት ሲሞክር ምስሉ ይጠፋል፤ ወይም ድምፁ አይሰማም፤ ወይም ከነአካቴው አልከፍትም የሚል ማስታወቂያ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ከሚነገሩት ዓረፍተ ነገሮች መካከል «አይከፍትም»፣ «አያነብም»፣ «ፎርማቱን አይቀበልም»፣ «ተበላሽቷል» የሚሉት ይገኙባቸዋል። ተናጋሪው አራቱን እያፈራረቀ ይናገራቸዋል። ይሁን እንጂ የሚያመለክቱት አራት የተለያዩ ነገሮችን ነው። ሲዲው ተፍቆ ሊሆን ይችላል፤ የፋይሉ አሠራር ሳይታወቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ምስሉ የተዘጋጀበት ስልት በማጫወቻው ላይ ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉም በእርግጥ ተቆርጦ ወይም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ የቃል አጠቃቀም ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። «ተበላሽቷል» የተባለ ፋይል ይጣላል፤ ይሰረዛል። «አልተፈታም» የተባለ ፋይል ግን ፈቺው እስኪገኝ ድረስ ይቀመጣል። ስለሆነም አንዱን ከሌላው የሚለይ ቃል መኖር አለመኖሩ የአንዲት እናት ድምፅ ለልጅ ልጆቿ መድረስ አለመድረሱን ሊወስን ይችላል።

2. «ፎርማት» የሚለው ቃል አሻሚነት

በአሁኑ ጊዜ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ይህን ጉዳይ ለመግለጽ ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው ቃል «ፎርማት» ነው። ቃሉ ግን ቢያንስ ሦስት ፍቺዎችን ተሸክሞ ይገኛል፦

ሀ) የፋይል ዓይነት፤ «ይህ ፋይል በኤቪአይ ፎርማት ነው» እንደሚባለው፤

ለ) ምስልና ድምፅ የተዘጋጀበት ስልት፤ «ፎርማቱን ቴሌቪዥኑ አይደግፈውም» እንደሚባለው፤

ሐ) የማስታወሻ ካርድን፣ ፍላሽን ወይም ስልክን ጠርጎ ባዶ ማድረግ፤ «ካርዱን ፎርማት አድርገው» እንደሚባለው።

ሦስተኛው ፍቺ በግሥ መልክ («ፎርማት አደረገ»፣ «ፎርማት ተደረገ») የሚነገርና እጅግ የተለመደ ነው። እንግዲህ «ቪዲዮው የፎርማት ችግር አለበት» የሚል ሰውና «እንግዲያውስ ፎርማት ይደረግ» ብሎ የሚመልስ ሰው በአንድ ቃል እየተነጋገሩ ሳይግባቡ ሊቀሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው የተናገረው ስለ ፍቺ (ለ) ሲሆን ሁለተኛው የሚፈጽመው ፍቺ (ሐ)ን ነው። ውጤቱም ምንም ያልተበላሸ ቪዲዮ መጥፋት ይሆናል። በመሆኑም በዚህ የሙያ መስክ «ፎርማት» ለፍቺ (ሐ) ብቻ እንዲተው፣ ለሌሎቹ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ሌሎች ቃላት እንዲለዩ ማድረግ ተገቢ ነው። ቃላቱን ከመምረጥ በፊት ግን ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

3. ቪዲዮ ለምን ይታመቃል?

የቪዲዮ ምስል በሴኮንድ ውስጥ በተከታታይ የሚታዩ ነጠላ ምስሎች ጥርቅም ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት የሚዘጋጀውንና በአገራችንም በሙዚቃ ክሊፕ፣ በፊልምና በሠርግ ቀረጻ በሰፊው የታወቀውን ቪሲዲ እንውሰድ። በቪሲዲ ላይ፣ በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ አንዱ ምስል በአግድም 352፣ በቁም 288 ነጥቦች አሉት፤ ይህም በጠቅላላው 101,376 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመግለጽ 24 ቢት ቢወስድና በሴኮንድ 25 ምስሎች ቢታዩ ለአንድ ሴኮንድ ብቻ ወደ 60.8 ሚሊዮን ቢት ያስፈልጋል። ቪሲዲ ለምስሉ የሚመድበው ግን በሴኮንድ 1.15 ሚሊዮን ቢት ብቻ ነው። ማለትም ምስሉ ወደ 53 እጅ ያህል ታምቆ ወደ ሲዲው ይገባል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ 74 ደቂቃ የሚፈጅ ሠርግ በአንድ ሲዲ ላይ ሊሰፍር ባልቻለ ነበር።

ማመቁ የሚከናወነው በዋነኛነት በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የሰው ዓይን ከብርሃን ይልቅ የቀለምን ዝርዝር ለመለየት ስለሚደክም የቀለሙ ዝርዝር ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ በየማዕዘኑ ያለው ጥቃቅን ልዩነት በሒሳብ ስሌት ይጠቀለላል። ሦስተኛ፣ ተከታታይ ምስሎች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ አንዱ ምስል በሙሉ ይጻፍና ለሚከተሉት የሚጻፈው ከእርሱ የተለዩበት ነገር ብቻ ይሆናል። በሙሉ የተጻፈውን «ቁልፍ ምስል»፣ ተከታዮቹን «የልዩነት ምስል» እንላቸዋለን። ሙሽሮቹ ቆመው ከበስተኋላቸው ያለው መጋረጃ ካልተንቀሳቀሰ መጋረጃው በየምስሉ እንደ አዲስ አይጻፍም።

ይህን ሁሉ የሚያከናውነው ስልት ሲቀረጽ አማቂ፣ ሲታይ ፈቺ ነው። «ኮዴክ» የሚባለውም ይኸው ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ኮደር» እና «ዲኮደር» የሚሉት ሁለት ቃላት ተቆርጠው የተጋጠሙበት ሲሆን፣ «ሞደም» የሚለውም ቃል የተሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። ኮዴክ በማሽኑ ላይ ከሌለ ፋይሉ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን አይታይም፤ ቋንቋው የማይታወቅ መጽሐፍ አንባቢ እንደማያገኝ ማለት ነው።

4. መያዣና ኮዴክ

አንባቢውን ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው በመያዣና በኮዴክ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለማስረዳት ያህል የብራና መጻሕፍት የሚቀመጡበትን የቆዳ ማኅደር እናስታውስ። ማኅደሩ መጽሐፉን ይይዛል፤ ከውጭ ሲታይ ግን በውስጡ ያለው ዳዊት ይሁን ድርሳን፣ በግዕዝ ይሁን በአማርኛ የተጻፈ አይታወቅም። የቪዲዮ ፋይልም እንዲሁ ነው። መያዣው የምስሉን ክፍልና የድምፁን ክፍል ጐን ለጐን አሰልፎ የሚይዝ፣ የጊዜ ማውጫም የሚጨምር ሲሆን፣ ምስሉና ድምፁ በየትኛው ኮዴክ እንደ ታመቁ የመወሰን ሥራ የእርሱ አይደለም። ምስሉ አንድ ኮዴክ፣ ድምፁ ሌላ ኮዴክ አለው።

ከታወቁት መያዣዎች መካከል አፕል እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የኩዊክታይም (ኤምኦቪ)፣ ማይክሮሶፍት በ1992 ያወጣው ኤቪአይ፣ በ2002 የተጀመረው ማትሮስካ (ኤምኬቪ)፣ እንዲሁም ኤምፒ4 እና የስልኮቹ 3ጂፒ ይገኛሉ። በአንድ የኤቪአይ መያዣ ውስጥ ሲኔፓክ፣ ኢንዲዮ፣ ሞሽን ጄፔግ፣ ዲቪ፣ ዲቪኤክስ ወይም ኤክስቪድ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ኤቪአይ ነው» ማለት ስለ ኮዴኩ ምንም አለመናገር ነው። አንዱ ኤቪአይ በአንድ ማሽን ተከፍቶ ሌላው የማይከፈተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ሞክሼዎች እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም።

በፋይል ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚገኘው ቅጥያም እንዲሁ ነው። በሰዋስው ቅጥያ ሲለወጥ የቃሉ ፍቺ ወይም አገባብ ይለወጣል። የፋይል ቅጥያ ቢለወጥ ግን የፋይሉ ውስጣዊ ይዘት አይለወጥም። «ኤቪአይ» የሚለውን ፍቆ «ኤምፒ4» ብሎ መጻፍ የማኅደሩን ጽሑፍ መለወጥ እንጂ መጽሐፉን መተርጐም አይደለም።

5. መለያው የት ይገኛል?

የፋይሉ ማንነት የተጻፈው በስሙ ላይ ሳይሆን በራስጌው፣ ማለት በመጀመሪያዎቹ ባይቶች ላይ ነው። ራስጌውን በማንኛውም የጽሑፍ ማሳያ ፕሮግራም፣ በዋናው ሳይሆን በቅጂው ላይ፣ ሳያስተካክሉና ሳያስቀምጡ መመልከት ይቻላል። ከታወቁት መለያዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ) ኤቪአይ «አር-አይ-ኤፍ-ኤፍ» በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ ከ9ኛው ባይት ጀምሮ «ኤ-ቪ-አይ» የሚል ይከተላል።

ለ) በኤምኦቪና በኤምፒ4 ከ5ኛው እስከ 8ኛው ባይት ብዙ ጊዜ «ኤፍ-ቲ-ዋይ-ፒ»፣ በቆዩት ኤምኦቪዎች ላይ ደግሞ «ኤም-ኦ-ኦ-ቪ» ወይም «ኤም-ዲ-ኤ-ቲ» ይገኛል።

ሐ) የኤምፔግ 1 እና የኤምፔግ 2 ምስልና ድምፅ ጥምር በቁጥር ሲገለጽ 0፣ 0፣ 1፣ 186 በሚሉ ባይቶች ይጀምራል።

መ) የማይክሮሶፍት ደብልዩኤምቪ 48፣ 38፣ 178፣ 117 በሚሉ፣ ማትሮስካ ደግሞ 26፣ 69፣ 223፣ 163 በሚሉ ባይቶች ይጀምራል።

መያዣው ከታወቀ በኋላ ኮዴኩን የሚያሳውቀው «ባለ አራት ፊደል መለያ» ነው። በኤቪአይ ፋይል ውስጥ «ቪ-አይ-ዲ-ኤስ» ከሚለው ቀጥሎ አራት ፊደላት ይገኛሉ፤ የኮዴኩም ምልክት እነርሱ ናቸው። ያው መለያ ትንሽ ዝቅ ብሎ በምስሉ ዝርዝር መግለጫ ውስጥ በድጋሚ ይጻፋል፤ ሁለቱ ባይስማሙ የሚያመዝነው የኋለኛው ነው። «ሲ-ቪ-አይ-ዲ» ሲኔፓክን፣ «አይ-ቪ-3-2» ኢንዲዮ 3ን፣ «አይ-ቪ-5-0» ኢንዲዮ 5ን፣ «ኤም-ጄ-ፒ-ጂ» ሞሽን ጄፔግን፣ «ዲ-ቪ-ኤስ-ዲ» ዲቪን ያመለክታሉ። በኤምኦቪ ውስጥ «ኤስ-ቪ-ኪው-1» እና «ኤስ-ቪ-ኪው-3» ሶረንሰንን ያመለክታሉ።

እዚህ ላይ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የታወቀ ችግር ይነሣል። አንዳንድ መለያዎች በቅርጽ የተለያዩ ሆነው በፍቺ አንድ ናቸው። «ኤክስ-ቪ-አይ-ዲ»፣ «ዲ-አይ-ቪ-ኤክስ» እና «ዲ-ኤክስ-5-0» ሦስቱም በኤምፔግ 4 ክፍል 2 ደንብ የታመቀ ምስልን የሚያመለክቱ ተመሳሳዮች ስለሆኑ አንዱን የሚፈታ ማጫወቻ በአብዛኛው ሌሎቹንም ይፈታል። በአንጻሩ «ዲ-አይ-ቪ-3» ለዲቪኤክስ ቅርብ ቢመስልም የሚያመለክተው ከማይክሮሶፍት የራሱ ስልት ተቀድቶ የተሠራውን የመጀመሪያውን ዲቪኤክስ ነውና ከእነዚህ የተለየ ነው። ስለዚህ መለያዎቹን በመልካቸው ሳይሆን በፍቺያቸው መመደብ ያስፈልጋል።

የድምፁ ኮዴክ በኤቪአይ ውስጥ የሚታወቀው በቁጥር ነው። 1 ያልታመቀ ድምፅን፣ 2 እና 17 ሁለት የኤዲፒሲኤም ዓይነቶችን፣ 85 ኤምፒ3ን ያመለክታሉ።

ባይቶችን በዓይን መመርመር ለማይመቸው ሰው ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሚዲያኢንፎ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም መያዣውን፣ የምስሉንና የድምፁን ኮዴክ፣ የምስሉን ስፋትና በሴኮንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት ለይቶ ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የኤፍኤፍኤምፔግ ፕሮግራምም ተመሳሳይ ዝርዝር ይሰጣል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ግን ከፕሮግራሙ በፊት መታወቅ አለበት፤ ይኸውም «መያዣው ምንድን ነው? የምስሉ ኮዴክ ምንድን ነው? የድምፁስ?» የሚለው ነው።

6. በየቤቱ የሚገኙ ዋና ዋና ዓይነቶች

ቪሲዲ፦ ቪሲዲው በኮምፒዩተር ሲከፈት «ኤምፔግኤቪ» በተባለ አቃፊ ውስጥ «ዳት» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ይታያል። በውስጡ ያለው የኤምፔግ 1 ምስልና የኤምፔግ ድምፅ ነው። ወደ ኮምፒዩተር ሲቀዳ ግን ራስጌው እንደ ኤቪአይ «አር-አይ-ኤፍ-ኤፍ» ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ልዩነቱ ከ9ኛው ባይት ጀምሮ «ሲ-ዲ-ኤክስ-ኤ» መባሉ ነው። ይህ ያልገባቸው ማጫወቻዎች ፋይሉን «የማይታወቅ» ይሉታል፤ ፋይሉ ግን ደኅና ነው።

የትንሽ ካሴት ዲጂታል ካሜራ ቅጂ፦ ካሜራው ሚኒዲቪ ከሆነና ወደ ኮምፒዩተር የገባው በቀጥታ ገመድ ከሆነ ኮዴኩ ዲቪ ነው። አንድ ሰዓት ወደ 13 ጊጋባይት ስለሚይዝ በክብደቱ ይታወቃል። ሰዎች ይህን ፋይል «በጣም ትልቅ ነው» ብለው አሳንሰው ዋናውን ይሰርዙታል፤ ከሁሉ የላቀውን ጥራት የያዘው ግን እርሱ ነው።

የፎቶ ካሜራ አጫጭር ቪዲዮ፦ ብዙዎቹ በኤቪአይ ወይም በኤምኦቪ መያዣ የሞሽን ጄፔግ ምስልን የያዙ ናቸው። እያንዳንዱ ምስል ራሱን የቻለ ፎቶግራፍ ስለ ሆነ በከፊል ቢበላሹ እንኳ ቀሪው ክፍል ሊድን ይችላል።

የቆየ ስልክ ቪዲዮ፦ በ3ጂፒ መያዣ ብዙ ጊዜ ኤች.263 የተባለው የምስል ኮዴክና ለንግግር የተሠራው ኤኤምአር የድምፅ ኮዴክ ይገኛሉ። ምስሉ ብዙውን ጊዜ 176 በ144 ነጥብ ነው። ኤኤምአርን የማይፈታ ማጫወቻ ምስሉን ያሳያል፤ ድምፁን ግን ያስቀራል።

ከውጭ አገር የመጣ ቅጂ፦ በኢትዮጵያ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራበት የፓል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ምስል ሲያሳይ፣ በዩናይትድ ስቴትስ የተሠራበት ኤንቲኤስሲ ወደ 30 (በትክክል 29.97) ያሳያል። ከአሜሪካ የተላከ የቪዲዮ ካሴት በአገር ቤት ዴክ ላይ በትክክል ሳይታይ የሚቀርበት ምክንያት ይህ ነበር። ወደ ፋይል ከተለወጠ በኋላ ግን ልዩነቱ ማጫወቻውን ብዙ አያስቸግረውም፤ በምርመራው ዝርዝር ላይ የሚታየው ቁጥር ቅጂው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ይረዳል።

7. የችግሩ ምልክቶችና ትርጉማቸው

ምልክቱን በትክክል መሰየም መፍትሔውን ያቀርባል።

ድምፁ ተሰምቶ ምስሉ ጥቁር ከሆነ፦ መያዣው ተከፍቷል፤ የጐደለው የምስሉ ኮዴክ ነው። ፋይሉ «ተበላሽቷል» ሊባል አይገባም።

ምስሉ ታይቶ ድምፁ ከጠፋ፦ የጐደለው የድምፁ ኮዴክ ነው፤ ወይም ከመጀመሪያውም ድምፅ አልተቀረጸም። የምርመራው ዝርዝር ሁለቱን ይለያል።

ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ከተበታተነ፣ ወይም ግራጫ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ነገር ብቻ እንደ ጥላ ከታየ፦ ቁልፍ ምስሉ ጠፍቷል ወይም ተጐድቷል። ይህ በእርግጥ የፋይል ጉዳት ነው፤ ይሁንና ቀጣዩ ቁልፍ ምስል ሲደርስ ምስሉ ይስተካከላልና ቀሪውን መጣል አያስፈልግም።

ቪዲዮው ቢታይም ወደ ፊትና ወደ ኋላ መዝለል ካልቻለ፦ የጐደለው ማውጫው ነው። በኤቪአይ ማውጫው በፋይሉ መጨረሻ ስለሚጻፍ ቀረጻው በመብራት መጥፋት ከተቋረጠ ሳይጻፍ ይቀራል። ማውጫውን እንደገና መሥራት ይቻላል። በኤምኦቪና በኤምፒ4 ግን «ኤም-ኦ-ኦ-ቪ» የተባለው ክፍል ካልተጻፈ ፋይሉ ጨርሶ አይከፈትም፤ እርሱም ቢሆን በልዩ ጥገና አንዳንድ ጊዜ ይድናል።

ማጫወቻው ቀደም ሲል ያሳየውን ዛሬ ካላሳየ፦ የተለወጠው ማሽኑ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ባወጣው የደኅንነት ማሻሻያ የኢንዲዮን አገልግሎት ገደበ። በ2016 ደግሞ አፕል ለዊንዶውስ የተዘጋጀውን ኩዊክታይም መደገፍ አቆመ። በሁለቱም ጊዜ በቤተሰቡ ፋይል ላይ አንድ ቢት እንኳ አልተለወጠም።

8. ኮዴኩ ከታወቀ በኋላ

አንደኛው ደንብ ማንኛውም ሙከራ ከመደረጉ በፊት የፋይሉን ቅጂ ወስዶ ዋናውን ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። በቤት የተቀዱ ሲዲዎች በጊዜ ብዛት እየደከሙ ስለሚሄዱ ይህን ለነገ ማሳደር አይገባም።

ሁለተኛው፣ «ይህን ቪዲዮ ለማየት ይህን ኮዴክ ጫን» የሚል ምንጩ ያልታወቀ ማስታወቂያን አለመቀበል ነው። ይህ ለተንኮል ፕሮግራሞች መግቢያ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ኮዴክ አንድ በአንድ ከመፈለግ ይልቅ ብዙ የቆዩ ኮዴኮችን በራሱ ውስጥ የያዘ ማጫወቻ፣ ለምሳሌ ቪኤልሲን፣ ከአዘጋጆቹ ዘንድ በቀጥታ ወስዶ መሞከር ይሻላል። ሲኔፓክ፣ ኢንዲዮ 3፣ ሶረንሰን፣ ዲቪ፣ ኤች.263ና ኤምፔግ 1 በዚህ ዓይነት ማጫወቻና በኤፍኤፍኤምፔግ የሚፈቱ ናቸው።

ሦስተኛው፣ «መያዣ መለወጥ»ን ከ«ዳግም ማመቅ» መለየት ነው። መያዣ ሲለወጥ ምስሉና ድምፁ እንዳሉ ሆነው ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው ይዛወራሉ፤ ምንም አይጐድልም፤ ሥራውም በጥቂት ሴኮንዶች ይፈጸማል። ዳግም ሲታመቅ ግን ምስሉ ተፈትቶ በሌላ ኮዴክ እንደ አዲስ ስለሚታመቅ ጥራቱ ይቀንሳል፤ በተደጋገመ ቁጥርም ከቅጂ ላይ የተቀዳ ካሴትን ይመስላል። በሱቅም ሆነ በቤት «ኮንቨርት ይደረግ» በሚለው አንድ አባባል ሁለቱም ስለሚጠሩ ባለቤቱ የትኛው እንደ ተፈጸመ አያውቅም። ዳግም ማመቅ የግድ ከሆነ ለዕለት መመልከቻ የሚሆነው ቅጂ ይሠራ፤ ዋናው ግን አይጣል። ለዘለቄታው ማስቀመጫ እንደ ኤፍኤፍቪ1 ያለ ጉድለት አልባ ኮዴክ በየቤተ መዛግብቱ ይሠራበታል።

9. የቃላቱ አመራረጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ቢባልም የሙያ ቃልን ማውጣት መመዘኛ ይጠይቃል። እዚህ የተጠቀምንባቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፤ ቃሉ በሕዝብ አፍ የሚገኝ ቢሆን፣ ከሌላ ፍቺ ጋር የማይጋጭ ቢሆን፣ ሊረባና ሊራባ የሚችል ቢሆን።

ለመያዣው ከሁሉ የተዋበው ስም «ማኅደር» ነበር። ነገር ግን ቃሉ በጽሕፈት ቤት ለሠራተኛ የግል ማኅደር፣ በቤተ መዛግብትም ለመዝገብ ክምችት ተይዟል። «የቪዲዮ ማኅደር» ቢባል አንባቢው የሚረዳው የቪዲዮዎችን ክምችት ነው። «አቃፊ» ደግሞ ለፋይሎች ማሰባሰቢያ ውሏል። ስለዚህ ተራ ቢመስልም «መያዣ» ተመርጧል። በብድር ውል «ዋስትና» የሚለው ፍቺው ከዚህ መስክ ስለሚርቅ አያሻማም።

ለማመቁ ሥራ «አመቀ» ተስማሚ ነው፤ «የታመቀ አየር» ከሚለው አነጋገር የታወቀ ከመሆኑም በላይ አማቂ፣ ታማቂ፣ አስተማመቅ እያለ ይረባል። ለተቃራኒው «ፈታ» ተመርጧል፤ ሕልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ቋጠሮ ይፈታል፤ የተሰወረን ነገር ወደ ግልጽነት ማምጣት የቃሉ ነባር ፍቺ ነው። «ምስጢረ» የሚለው ሥር ግን አልተመረጠም፤ ኮዴክ ምስልን ያምቃል እንጂ አይሰውርምና ባለቤቱ የይለፍ ቃል የሚፈለግበት ሊመስለው ይችላል።

ለኮዴክ ራሱ «አማቂ-ፈቺ» የሚለው ተመዝኖ ነበር። ፍቺው ግልጽ ቢሆንም በንግግር ረዥም ነው። የሁለቱን ቃላት ራስ ቆርጦ «አማፈ» ብሎ መግጠምም ለአማርኛ ባሕርይ የሚስማማ አይደለም፤ አማርኛ ጥምር ቃል የሚሠራው እንደ «ልብ ወለድ» ሙሉ ቃላትን በማጋጠም ነውና። በመሆኑም «ካሴት»፣ «ቪዲዮ»፣ «ሞደም» እንደ ተወረሱ ሁሉ «ኮዴክ» ተወርሶ፣ «አማቂና ፈቺ ስልት» የሚለው በፍቺነት እንዲያገለግል ተመርጧል። ብዙ ቁጥሩ «ኮዴኮች» ሊባል ይገባል። የእንግሊዝኛውን ብዙ ቁጥር ተከትሎ «ኮዴክስ» ማለት በጥንታዊ መጻሕፍት ጥናት የተጠረዘ የብራና መጽሐፍን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ያጋጫል።

የተመረጡት ቃላት ከነፍቺያቸው የሚከተሉት ናቸው፦

መያዣ (ስም)፦ የታመቀ ምስልን፣ የታመቀ ድምፅንና የጊዜ ማውጫን በአንድነት አሰልፎ የሚይዝ የፋይል አሠራር።

ኮዴክ (ስም)፦ ምስልን ወይም ድምፅን ሲቀረጽ የሚያምቅ፣ ሲታይ ወይም ሲሰማ የሚፈታ ስልት፤ አማቂና ፈቺ።

አመቀ (ግሥ)፦ ምስልን ወይም ድምፅን በጥቂት ቢት እንዲገለጽ አድርጎ አሳነሰ።

ፈታ (ግሥ)፦ የታመቀውን መልሶ እንዲታይ ወይም እንዲሰማ አደረገ።

ቅጥያ (ስም)፦ በፋይል ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚጻፍ፣ የፋይሉን ይዘት ግን የማይወስን ምልክት።

ራስጌ (ስም)፦ የፋይሉን ዓይነት የሚገልጽ የመጀመሪያ ክፍል።

ባለ አራት ፊደል መለያ (ስም)፦ ኮዴክን የሚያመለክት አራት ባይት።

ቁልፍ ምስል (ስም)፦ ያለ ሌላ ምስል እርዳታ ራሱን ችሎ የሚፈታ ምስል።

የልዩነት ምስል (ስም)፦ ከሌላ ምስል የተለየበት ነገር ብቻ የተጻፈለት ምስል።

መያዣ መለወጥ፦ ሳይፈቱና ዳግም ሳያምቁ ምስልና ድምፅን ወደ ሌላ መያዣ ማዛወር።

ዳግም ማመቅ፦ ፈትቶ በሌላ ወይም በዚያው ኮዴክ እንደገና ማመቅ።

ጉድለት አልባ፦ ሲፈታ አንድም ቢት ሳይጐድል እንደ ነበረ የሚመለስ የአስተማመቅ ዓይነት።

10. ማጠቃለያ

ይህ ጉዳይ ካለፈው ዘመን ጋር ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 ዛሬ በየቦታው ይፈታል፤ በ2013 የወጣውን ኤች.265 ግን አዳዲስ ስልኮች እየቀረጹበት የቆዩ ኮምፒዩተሮች አይፈቱትም። አዲሱን ፋይል አሮጌው ማሽን፣ አሮጌውን ፋይል አዲሱ ማሽን ሳያውቀው የሚቀርበት ሁኔታ ወደፊትም ይቀጥላል።

ስለሆነም በጥገና ሱቅ፣ በመማሪያ ክፍልና በየቤቱ በመጀመሪያ ደረጃ ሊለመድ የሚገባው አንድ አነጋገር አለ። ቪዲዮ አልታይ ሲል «ተበላሽቷል» ከማለት በፊት «ኮዴኩ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ እስኪገኝ ድረስ ትክክለኛው ቃል «አልተፈታም» ነው፤ ያልተፈታ ነገር ደግሞ አይጣልም።